ሁለት መቶ ሠላሳ ስድስት ሜትር

ኅዳር 7፣ 2018፣ እሑድ

ይህን ደብተር የገዛሁት ለሌላ ሥራ ነው። ዛሬ ከቅዳሴ ስወጣ ባዩ በር ላይ ጠብቆ ያዘኝ። ባዩ የሩጫው ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው። ድሮ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ እግሩን የሚያወዛውዝ ተማሪዬ ነበር፤ ዛሬ ከረባት አስሮ "መምህር" ይለኛል። ዘንድሮ የደብረ ብርሃን ግማሽ ማራቶንና የአምስት ኪሎ ሜትሩ የሕዝብ ሩጫ ለዐሥረኛ ጊዜ ይካሄዳሉ፣ ጥር 24። "መጽሔት እናወጣለን። ታሪኩን ከመነሻው የሚያውቅ ከእርስዎ ሌላ ማን አለ?" አለኝ። እውነቱን ነው፣ ማንም የለም። ሩጫውን ያሰብኩት እኔ፣ መንገዱን የለካሁት እኔ፣ ፊሽካውን የነፋሁት እኔ።

ይህ አልበቃ ብሎ በዕለቱ ካባ ሊያለብሱኝ ነው፤ "የሩጫው አባት" ተብዬ። ለዘነበች ስነግራት፣ "ከውርጩ በፊት ቢሰጡህ ይሻል ነበር" አለችኝ። ባለቤቴ ናት፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የምትናገረው እንዲህ ነው።

የደብተሩ ፊት ለታሪኩ፣ ጀርባው ለእኔ። ጡረታ ሊወጣ ስምንት ወር የቀረው የስፖርት መምህር ከራሱ ጋር የሚያወራበት ቦታ አያጣ።

ኅዳር 12፣ ዓርብ

ውርጭ። ቧንቧው ደርቆ ፊቴን ሳልታጠብ ወጣሁ። ማታ ግን ሥራው ደህና ሄደ።

ሁለተኛው ዓመት፣ 2007፦ ሁለት ሺህ ሰው። አንኮበር መውጫ ላይ ያለውን መዞሪያ ትንሽ ወደፊት ገፋ አደረግነው፣ ለመኪና ማቆሚያ እንዲመች።

ሦስተኛው፦ ነፋሱ የመድረኩን ሸራ ነቅሎ በሬሳ የሚባለው ወንዛችን ውስጥ ጣለው። ከንቲባው ንግግራቸውን ነፋስ ላይ ቆመው ጨረሱ፤ አጭር ሆነላቸው።

አራተኛው፦ የሙሽራ መኪና ሯጮች መሐል ገብቶ ቆመ። ሙሽራው "ከዚህ ተቀምጬ ከምጠብቅ" ብሎ ከነሱፉ ወረደና አምስቱን ኪሎ ሜትር ጨረሰ። ሚዜዎቹ ሁለተኛው ኪሎ ሜትር ላይ አቋረጡ።

2013 ኮሮና ነው፣ 2016 መንገድ ተዘግቶ ነው፣ አልተሮጠም። 2014 ጦርነቱ ደብረ ሲና ደርሶ ነበር፣ አልተሮጠም። ያን ዓመት ስምንት መቶ ቢጫ ቲሸርት ታትሞ መጋዘን ተቀምጦ ነበርና ተፈናቅለው ለመጡት አደልነው። ዛሬም መጠለያው አጠገብ ቢጫ ቲሸርት ለብሳ ውሃ የምትቀዳ ሴት አያለሁ። "ያ ዓመት አልተሮጠም፣ ቲሸርቱ ግን ተለብሷል" ብዬ ጻፍኩ። ዐረፍተ ነገሯን ወደድኳት።

የመጀመሪያውን ዓመት መጨረሻ ላይ እጽፈዋለሁ። ብዙ ጸሐፊዎች እንደዚያ ያደርጋሉ።

ኅዳር 19

ፈተና ማረም። ጉንፋን። አልጻፍኩም።

ኅዳር 26፣ ዓርብ

ባዩ ደወለ። "መምህር፣ የአንደኛው ዓመት የሴቶች አሸናፊ ማናት? ሁለት የተለያየ ስም አገኘሁ።"

እዚህ እንደነበረው አሰፍረዋለሁ፤ የምደብቀው ነገር የለም።

በ2006 አንደኛ የገባችው ንጋቷ ወገኔ የምትባል የመዘዞ ልጅ ነበረች። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ማንም አያውቃትም። በአንድ ሰዓት ከ16 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ገባች። ሁለተኛ የገባችው የአዲስ አበባ ክለብ ልጅ ደግሞ እጇ ላይ ርቀት የሚቆጥር ሰዓት አስራ ነበር። ግማሽ ማራቶን 21 ኪሎ ሜትር ከ97 ሜትር ነው፤ ሰዓቱ ግን 20 ኪሎ ሜትር ከ860 ምናምን አለ። አሠልጣኟ ጩኸቱን ለቀቀው። "ወይ መንገዱ አጥሯል፣ ወይ የፊተኛዋ አቋርጣ የእኔ ልጅ ተከትላት እንድትሳሳት አድርጋለች!" ዳኞቹ ወደ እኔ ዞሩ። "መምህር ጌታሁን፣ ልኩ ልክ ነው?" አሉኝ። "ልክ ነው" አልኩ። በቃ፣ ይኸው ነው። ስለ ልጅቷ አንድም ቃል አልተነፈስኩም። የቀረውን የወሰኑት እነሱ ናቸው፤ ንጋቷን መንገድ የሳተች ብለው ሰረዟት፤ ተከታይዋን ግን ተመርታ ነው የተሳሳተችው ብለው ማሯትና ዋንጫው ለእሷ ሆነ። ልጅቷ "ነጩን ድንጋይ ዞሬያለሁ" እያለች አለቀሰች። መዞሪያው ላይ ያለውን ድንጋይ ኖራ የቀባሁት እኔ ራሴ ነኝ።

ለባዩ "ኋላ እነግርሃለሁ" አልኩት።

ታኅሣሥ 3፣ ዓርብ

ተማሪዎቼን ይዤ ከዩኒቨርሲቲው በላይ ካለው ሜዳ ወጣሁ። ንጋቷ እዚያ ነበረች። ማታ ማታ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ትሠራለች፤ ጠዋት ስድስት ሴት ልጆች ታሠለጥናለች። ሁለቱ የመጠለያው ልጆች ናቸው። ከሥራ ወጥታ ሳትተኛ ነው የምትመጣው። ከዚያ ሩጫ በኋላ አምስት ዓመት እግሯን አላነሳችም ይባላል። ክለብ ሊወስዳት ነበር ይባላል። ይባላል ነው እንግዲህ።

"ጋሼ፣ እንደምን አደሩ" አለችኝ፣ ጎንበስ ብላ። ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምትለኝ። እኔ ደግሞ ሁልጊዜ የሚቸኩለኝ ነገር አለኝ።

"ዘንድሮ እሮጣለሁ ጋሼ።"

"አይ ጎበዝ! አምስቱን ኪሎ ነው?"

"ግማሹን ማራቶን።" ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። ቀና ብላ አየችኝ። "ዘንድሮ መንገዱን ማን ነው የሚለካው?"

"ምነው?"

"እንዲያው ነው። ነጩ ድንጋይ አሁንም እዚያው አለ እኮ።"

ፊሽካዬን ነፋሁ። ልጆቹ ገና ሳይሟሟቁ አስሮጥኳቸው። አንዱ ተማሪ ጡንቻው ተሸማቀቀ፤ የእኔ ጥፋት ነው።

ታኅሣሥ 9፣ ሐሙስ

ባጃጅ ውስጥ። ከፊት የተቀመጠ ጎረምሳ ለሾፌሩ፣ "አቋራጯ ዘንድሮ ትሮጣለች አሉ" ይለዋል። "የቷ?" "ንጋቷ አቋራጭ ናታ! የፋብሪካዋ።" ሳቁ። ያ ሩጫ ሲሮጥ ገና ሕፃን ነበር፣ ቅጽል ስሙን ግን ያውቃል።

ወረድኩ። ቤቴ ለመድረስ ሁለት ማቆሚያ ቀርቶኝ ነበር።

ታኅሣሥ 18፣ ቅዳሜ

ከአዲስ አበባ የመንገድ ለኪ መጣ። ፍሥሐ ይባላል፤ ቀጭን፣ ቁም ነገረኛ ሰው ነው። ብስክሌቱ ጎማ ላይ ትንሽ ቆጣሪ አስሯል። በፖሊስ ታጅቦ ጠባሴን፣ መሐል ከተማውን፣ የአንኮበርን መንገድ እየዞረ ሲለካ ባዩና እኔ በመኪና ተከተልነው። ሲጨርስ፣ "ሦስት ሜትር ብቻ ይተርፋል። ማን ነው የለካው?" አለ። ባዩ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። "መምህር ናቸው! በእጅ በሚገፋ ጎማ!"

አንኮበር መውጫ ላይ ግን ፍሥሐ ወረደ። ሣሩን በእግሩ ገለጥ አደረገና ኖራው የተላላጠ ድንጋይ አገኘ። "ይህ የድሮ መዞሪያ ነው?" አለኝ። ነፋሱ ያጉረመርም ነበርና ያልሰማሁ መሰልኩ። እሱ ግን ሥራው ነውና ለካው። ከድንጋዩ እስከ አሁኑ መዞሪያ 118 ሜትር። "ደርሶ መልስ 236። እዚህ ዞረው ቢሆን ኖሮ ያን ያህል ያጥር ነበር" አለ፣ ለራሱ እንደሚያወራ። ባዩ ስልክ ላይ ነበር።

ቤት ገብቼ እራት አልበላሁም። እሺ፣ ይጻፍ። የማነብበው እኔው ነኝ።

በ2006 መንገዱን የለካሁት ሩጫው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። ጎማዋን እየገፋሁ የአቶ ወልደአረጋይ ሰፈር ስደርስ የለቅሶ ድንኳን መንገዱን ከዳር እዳር ዘግቶታል። የአቶ ወልደአረጋይ እናት ዐርፈው ነው። አቶ ወልደአረጋይ የሰፈሩ ዕድር ዳኛ ናቸው፤ ብድግ ብለው መጡና፣ "ልጄ፣ በዕዝን መሐል በጎማ አይታለፍም። አስቀምጣትና ግባ" አሉኝ። ጎማዋን አጥሩ ሥር አስቀምጬ ገባሁ፣ "እግዜር ያጥናችሁ" አልኩ፣ ንፍሮ በላሁ፣ ተቀመጥኩ። ይህ ሁሉ ደግ ነው። ከዚያ ወጥቼ ድንኳኑን በጓሮ መንገድ ዞርኩት፤ ጎማዋ እየቆጠረች። ድንኳኑ ሲነሳ ተመልሼ ቀጥታውን እለካለሁ ብዬ ነበር። ፈተና መጣ፣ ስብሰባ መጣ። ረሳሁት። በሩጫው ቀን ድንኳኑ የለም፤ ሯጮቹ ቀጥ ብለው አለፉ።

ለዳኞቹ "ልክ ነው" ስላቸው አላስታወስኩም። በመስቀሉ እምላለሁ፣ አላስታወስኩም። የመጣልኝ ማታ አልጋ ላይ ነው።

በሳምንቱ ጎህ ሳይቀድ ጎማዬን ይዤ ሄድኩ። በጓሮው ዞርኩ፣ ቀጥታውን ሄድኩ፣ ቀነስኩ። 236። ስመለስ አቶ ወልደአረጋይ ለኪዳን ሲወጡ በራቸው ላይ ተገናኘን። ጎማዋን አዩ፣ እኔን አዩ፣ "እንደምን አደርክ" ብለውኝ አለፉ።

በዓመቱ መዞሪያውን 118 ሜትር የገፋሁት ለመኪና ማቆሚያ አይደለም።

ለምን አልተናገርክም ይለኛል ይህ ደብተር። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባል የለ። አንድ ሺህ ሰው ፊት "ልክ ነው" ብያለሁ። ገና ሩጫው ጥርስ አላወጣም፤ ለኪው አያውቅም ቢባል ያን ጊዜውኑ ይሞት ነበር። ይኸው ዐሥር ደረሰ። ለከተማው ብዬ ነው።

ጥር 1፣ ዓርብ

አቶ ወልደአረጋይ ታመዋል። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። ልጠይቃቸው ሄድኩ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ቅድስት ትራሱን ከፍ አደረጉላቸው።

"ሩጫው ደረሰ አይደል?" አሉኝ።

"ደረሰ። ዐሥረኛው ነው።"

"ካባ ሊያለብሱህ ነው አሉ።"

"እንግዲህ ወጣቶቹ ናቸው እንጂ..."

"ልበስ፣ ልበስ። ሠርተሃል።" ዓይናቸውን ጨፈኑ። የተኙ መስሎኝ ልነሳ ስል፣ "ያቺ ልጅ በዚህ ስታልፍ ሰላም ትለኛለች" አሉ። "ከፋብሪካ ስትመለስ። እኔ እኮ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አንተን ነው የጠበቅኩት። የሰው ኃጢአት ቀድሞ ማውራት ለዳኛ አይገባም ብዬ። አሁን ሳስበው ግን የእኔም ዝምታ ዝምታ ነው።"

"ይሻልዎታል፣ አይጨነቁ" አልኳቸው። ይሻልዎታል!

ጥር 12፣ ማክሰኞ፣ የሚካኤል ዕለት

ታቦት ሸኝተን ስንመለስ ዘነበች ድንገት፣ "እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል" አለች። ምን ለማለት ነው ብዬ ተቆጣሁ። "ምንም። ተረት ነው። ተረት መተረትም ተከለከለ?" አለች።

ደብተሩን ከመሳቢያው በስተቀኝ ነበር የማስቀምጠው። ዛሬ በስተግራ አገኘሁት።

ጥር 16፣ ቅዳሜ

መጽሔቱ ዛሬ ማተሚያ ቤት ይገባል። ባዩ ሦስቴ ደወለ። የመጀመሪያውን ዓመት በአምስት መስመር ጻፍኩና "የሴቶች አሸናፊ" የሚለውን ባዶ ተውኩት። ባዶ መተው ውሸት አይደለም።

ማታ ባዩ፣ "መምህር፣ አንድ ነገር ረስተው ነበር፣ እኔ ከመዝገብ ሞላሁት" አለኝ። የአዲስ አበባዋን ልጅ ስም።

"አመሰግናለሁ" አልኩት። አመሰግናለሁ አልኩት!

ጥር 21፣ ሐሙስ

አቶ ወልደአረጋይ ዐረፉ። ንጋት ላይ። ጥሩምባ ሲነፋ ሰማሁ፣ አወቅሁ።

ጥር 22፣ ዓርብ

ቀበርናቸው። ሥላሴ ሞልቶ ነበር። ነፍሳቸውን ይማር፣ ጥሩ ሰው ነበሩ። ብዙ ነገር ይዘው ሄዱ።

ድንኳኑ እዚያው ቦታ ተተክሏል። ሰልስቱ እሑድ ነው፤ ስለዚህ እሑድም ይቆማል። ሩጫው የሚያልፍበት መንገድ ላይ፣ ከዳር እዳር። ባዩ ፊቱ ላብ በላብ ሆኖ መጣ። "ምን እናድርግ መምህር? በጓሮ ይዙሩ?"

"በጓሮ ከዞሩ 236 ሜትር ይረዝማል" አልኩ። ከአፌ አመለጠኝ።

"እንዴት በቃልዎ ያውቁታል?"

"የለካሁት እኔ አይደለሁ!"

"ምን ይደረግ፣ ለሁሉም እኩል ነው፣ ይዙሩ" ብሎ ሄደ። እውነቱን ነው፣ ለሁሉም እኩል ነው። ርቀቱ ልክ ስለማይሆን ሰዓቱ ብቻ ነው የማይያዝላቸው። ለንጋቷ ግን ሰዓቱ ነበር ነገሩ።

ከዛሬ ጀምሮ ይህን ነገር በዚህ ዓለም የሚያውቅ እኔ ብቻ ነኝ። ዘነበች ደብተሩን ካላነበበች። ደህና እንቅልፍ ይወስደኛል ብዬ ነበር። ተነስቼ ይህን እየጻፍኩ ነው።

ጥር 23፣ ቅዳሜ

መሽቷል፣ ጽሑፌ ቢበላሽ ይቅር በለኝ ደብተሬ። ባልጽፈው ግን ነገ ያልሆነ ይመስለኛል።

ጠዋት ድንኳኑ ገባሁ። ያው ድንኳን፣ ያው የዕድሩ አግዳሚ ወንበር፤ አግኝቼው ይሁን ፈልጌው፣ ያው ቦታ ተቀመጥኩ። ወንዶች በዚህ፣ ሴቶች በዚያ። ንጋቷ ከሴቶቹ ጋር ነበረች፤ ሌሊት ሠርታ መጥታ ለእንግዳ ውሃ ታቀርባለች። ነገ ሃያ አንድ ኪሎ ሜትር የምትሮጥ ሴት! "አረፍ በይ እንጂ ልጄ" ቢሏት፣ "ሰላም ይሉኝ ነበር" ትላለች።

አንድ ሽማግሌ ስለ አቶ ወልደአረጋይ ይናገሩ ነበር። "የተሳሳተ ፍርድ ፈርዶ አያውቅም" አሉ። ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። እኔ ተነሣሁ። ጉልበቴ ራሱ ነው የተነሣው፣ እኔ አላዘዝኩትም።

"ወገኖቼ፣ እኔ አንድ ፍርድ አበላሽቻለሁ" አልኩ። የለቅሶ ንግግር የጀመርኩ መስሏቸው አዳመጡኝ። ነገርኳቸው። ድንኳኑን፣ ጎማዋን፣ ንፍሮውን፣ የጓሮውን መንገድ። "ልክ ነው" ያልኩትን። ጎህ ሳይቀድ ተመልሼ መለካቴን። ድንጋዩን። "ይህች ልጅ አላቋረጠችም። መንገዱ ነው ያጠረው፤ ያሳጠርኩትም እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ተሳሳትኩ። ከዚያ ወዲህ ያለው ዐሥራ ሁለት ዓመት ግን ስሕተት አይደለም፣ ፈሪነት ነው" አልኩ። አለቀስኩ። ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ ሰው ፊት አልቅሼ አላውቅም ነበር። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም የሚሉት እውነት ነው።

ሸራው በነፋስ ይርገበገባል። ንጋቷ ማሰሮውን አስቀመጠች።

"አውቅ ነበር ጋሼ" አለች።

"ምን?"

"በዓመቱ ሩጫውን ልመለከት አንኮበር መውጫ ሄድኩ። ነጩ ድንጋይ እዚያው ነው፤ አዲሱ ምልክት ግን ወዲያ ሄዷል። የገፋው ሰው ያውቃል አልኩ። መንገድ የሚለኩት ደግሞ እርስዎ ነዎት። በየዓመቱ ጠበቅኩዎት። እንደምን አደሩ ስልዎት፣ ዛሬ ይለኝ ይሆናል እል ነበር።"

"ልጄ፣ ይቅር..."

"ዛሬ አይበሉኝ!" አለች። ጮክ ብላ ነው። ሴቶቹ ደነገጡ። "ዐሥራ ሁለት ዓመት አቋራጭ ተብያለሁ። ልጆቼ ፊት። እናቴ ይህን ስም ሰምታ ነው የሞተችው። ዛሬ አይበሉኝ። ነገ ልሩጥና ያን ጊዜ ይበሉኝ።"

"ነገማ በጓሮ ነው የምትዞሪው፣ ሰዓትሽ አይያዝም" አለ አንድ ሰው ከኋላ።

ያን ጊዜ ወይዘሮ ቅድስት ከፍራሻቸው ላይ ቀና አሉ። ነጠላቸውን ገለጥ አድርገው የዕድሩን ሰዎች አዩአቸው። "እሱስ ሲጣጣር ያለው ይኸንኑ ነው" አሉ። "'በእናቴ ድንኳን የተነሣ አንዲት ልጅ ተበደለች' እያለ። ግራ ገብቶኝ ነበር፣ አሁን ገባኝ። በሉ፣ ነገ የድንኳኑ ሁለት ወገን ይከፈት። ወንበሩን ወደ ዳር አድርጉት። በመሐል ይለፉ።"

"እትዬ ቅድስት፣ በለቅሶ መሐል ሩጫ? ነውር አይሆንም?" አሉ ሽማግሌው።

"ባለ ለቅሶዋ እኔ ነኝ። እኔ ነውር አይደለም ካልኩ ማን ነው ነውር የሚለው?"

አበቃ። የዕድሩ ሰዎች ወዲያው ካስማውን ማየት ጀመሩ።

ባዩ ሲሰማ ራሱን ያዘ። "መጽሔቱ ታትሟል እኮ! አምስት መቶ ኮፒ!" "አምጣው" አልኩት። ዘነበችና እኔ፣ ንጋቷ የምታሠለጥናቸው ስድስቱ ልጆችም መጥተው፣ ከቀትር እስከ ማታ የአዲስ አበባዋን ስም በእስክሪብቶ እየሰረዝን ከላዩ "ንጋቷ ወገኔ" እያልን ጻፍን። አምስት መቶ ጊዜ። ዘነበች ቀና ሳትል፣ "ደብተርህን አንብቤያለሁ" አለችኝ።

"አውቄያለሁ። በስተግራ አስቀመጥሽው።"

"እንድታውቅ ነዋ!"

ጥር 24፣ እሑድ

ሮጠች!

ካባውን አልለብስም ብዬ ለባዩ ነገርኩት። መድረክ ላይም አልወጣሁም። ፊሽካዬን ይዤ ድንኳኑ ጋ ቆምኩ፣ አሥራ ሰባተኛው ኪሎ ሜትር ላይ። ሌሊቱን የወረደው ውርጭ ሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ ነበር። የዕድሩ ሰዎች ሁለቱን ወገን ሸራ ጠቅልለው አስረውታል፤ ሰው በግራና በቀኝ ተቀምጧል፤ መሐሉ አስፋልት ነው። ከወዲያ በድምፅ ማጉያ ሙዚቃ ይሰማል፤ እዚህ ሲደርስ እንዲቀንሱ ባዩ አዝዟል።

መጀመሪያ ወንዶቹ መጡ። ድንኳን አይተው መንገዱ የተዘጋ መስሏቸው ፈራ ተባ አሉ፤ "ቀጥ በሉ! ቀጥ!" እያልኩ ፊሽካዬን ነፋሁ። ቀጥ ብለው አለፉ። የተቀመጠው ሰው ሁሉ ተነሣ። ማንም አላዘዘውም፤ ሰው ለአስከሬን እንደሚነሣ ተነሣ። እግራቸው ድንኳኑ ውስጥ አስተጋባ።

ከዚያ ሴቶቹ። ሦስት ሆነው መጡ፤ ሁለቱ ሃያ ዓመት የማይሞላቸው ናቸው፣ በመሐል ንጋቷ። ፊቷ ጠቁሯል፣ ከንፈሯ ደርቋል። ድንኳኑ አፍ ላይ ስትደርስ ኮፍያዋን አወለቀች። እየሮጠች ራሷን ጎንበስ አደረገች፣ በወይዘሮ ቅድስት በኩል። "ነፍስ ይማር" አለች፤ ትንፋሿ ቢቆራረጥም ሰማኋት። ሁለቱ ልጆች በዚያች ቅጽበት አምስት እርምጃ ቀደሟት። "ምን ሆነሽ ነው፣ ሂጂ እንጂ!" ብዬ ጮህኩ፣ ፊሽካዬንም ነፋሁ፤ በለቅሶ ቤት እንደዚያ መጮኼ ትዝ ያለኝ ኋላ ነው። ኮፍያዋን አጠለቀችና ሄደች። መታጠፊያው ላይ ስትደርስ አንዷን አልፋ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው በጣም ረዘመብኝ። ዐሥራ አምስት ደቂቃ ነው፤ እኔ ግን ጡረታ የወጣሁ መሰለኝ። ሯጮች እያለፉ ነው፣ እኔ ግን ጆሮዬ ድምፅ ማጉያው ላይ ነው። ንፍሮ ዘግነው ሰጡኝ፤ እጄ ላይ ቀረ።

ከዚያ የባዩ ድምፅ መጣ። እየጮኸ ነው። "አንደኛ! ቁጥር 61! ንጋቷ ወገኔ! አንድ ሰዓት፣ ከዐሥራ ሰባት ደቂቃ፣ ከሦስት ሰከንድ!"

በለቅሶ ቤት ዕልል አይባልም። ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ወይዘሮ ቅድስት በእጃቸው ተደግፈው ተነሡ፣ ወደ በሩ መጡ፣ ሰማዩን አዩ፣ ከዚያ ዕልል አሉ! ባላቸውን ከቀበሩ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ከዚያ ማን ይያዝ! ድንኳኑ ሙሉ ዕልል አለ። ሽማግሌው ራሳቸው በከዘራቸው መሬቱን እየደበደቡ ነበር። እኔ ሳቅሁ ወይስ አለቀስኩ፣ አላውቅም። ዘነበች በኋላ፣ "ሁለቱንም፣ አስቀያሚ ነበርክ" አለችኝ።

ከዚያ የሕዝቡ ሩጫ መጣ። ተማሪው፣ የፋብሪካው ሠራተኛ፣ ልጅ ያዘለች እናት፣ ቦርጫም መሥሪያ ቤተኛ። ከመጠለያው የመጡት የ2014ቱን ቢጫ ቲሸርት ለብሰው ነበር፤ ደብዝዟል፣ ግን ያው ቢጫ ነው። ሁሉም ድንኳኑ ውስጥ ሲገቡ ድምፃቸውን ይቀንሳሉ፣ ሲወጡ ይጮኻሉ።

ወደ አምስት ሰዓት ገደማ ንጋቷ መጣች፣ በእግሯ። ሜዳሊያውን ኪሷ ውስጥ ከትታዋለች፤ ጥብጣቡ ተንጠልጥሏል። ለእኔ የተሰፋውን ካባ አልብሰዋታል፤ ረዝሞባት መሬት እየጠረገ ነው። የመጣችው ሰልስት ልትቀመጥ ነው። ወይዘሮ ቅድስት አቅፈው ሳሟት። ከዚያ እኔ ፊት መጥታ ቆመች።

"አሁን ይበሉኝ" አለች።

"ይቅር በይኝ ንጋቷ" አልኩ። ጎንበስ ብዬ።

የካባውን ጫፍ ከመሬት እስክትሰበስብ አስጠበቀችኝ፣ ደግ አደረገች። ዐሥራ ሁለት ዓመት በአንድ ትንፋሽ አይከፈልም። "እግዜር ይቅር ይበልዎ" አለች በመጨረሻ። "እኔም ቀስ እያልኩ እላለሁ።" ከዚያ ጥርሷ ታየ። "ጋሼ፣ ፊሽካዎን ጆሮዬ ላይ ነፍተውብኝ አሁንም ይጮኽብኛል።"

ማታ አሠላሁት። ያን ጊዜ ያጠረው 236 ሜትር በእሷ አሯሯጥ ሃምሳ ሁለት ሰከንድ ያህል ነው። ሙሉውን ሮጣ ቢሆን 1፡17፡12 ትገባ ነበር ማለት ነው። ዛሬ 1፡17፡03። ዐሥራ ሁለት ዓመት ጨምራ፣ ሌሊት ፋብሪካ እያደረች፣ ለለቅሶ ቤት ኮፍያዋን አውልቃ፣ ዘጠኝ ሰከንድ ፈጠነች!

ጥር 25፣ ሰኞ

የነነዌ ጾም ገባ። ሰውነቴ ሁሉ እኔ የሮጥኩ ይመስል ደክሟል። ከትምህርት ቤት ስመለስ ባጃጅ ውስጥ አንዲት ልጅ ለጓደኛዋ፣ "ትላንት ንጋቷን አየሻት?" ትላታለች። ንጋቷን። እንዲያው ንጋቷን፣ ሌላ ቅጥያ የለውም። እስከ መጨረሻው ማቆሚያ ሄድኩና በእግሬ ተመለስኩ።

አሁን ደብተሩን በፊቱ በኩል ገልብጬ የመጀመሪያውን ገጽ ጻፍኩ። ባዶ ትቼው የነበረውን። ለአሥራ አንደኛው መጽሔት ይሆናል፤ ካልሆነም እዚህ ይቀመጥ፦

"አንደኛው ዓመት፣ 2006። የሴቶች አሸናፊ፦ ንጋቷ ወገኔ፣ ከመዘዞ፣ 1፡16፡20። ርቀት፦ 20 ኪሎ ሜትር ከ861 ሜትር። ሯጯ መንገዱን አልሳተችም። መንገዱን የሳተው ለኪው ነው፤ ስሙ ጌታሁን ነው።"